አበባው የጠወለገው ውሃ ጠምቶት ነውን?

በገላባትና በመተማ አካባቢ በግቢያቸው ጽጌረዳና ቡጋንቪላ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ቅጠል ጠውልጎ ባዩ ቁጥር ጀሪካን ማንሳታቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ መጠውለግ ሁልጊዜ የጥማት ምልክት አይደለም።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሐሩር ቀትር ላይ የጠወለገ ተክል ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቀና ሕመም የለበትም። አሳሳቢው በክረምት የሚታየው ነው። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ ውሃም ያቁራል። በዚህን ጊዜ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል።

ስለዚህ ከማጠጣት በፊት ጣትን ወደ አፈሩ አስገብቶ መፈተሽ ይገባል። እርጥብ ከሆነ ውሃው ይቁም። ሥሩ ጠቁሮ ከላሸቀ የተበላሸው ተቆርጦ፣ ተክሉ የበሰለ ፍግ በተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ይተከል። በቆርቆሮ የተተከለ ከሆነም የቆርቆሮው መቀመጫ ይበሳ።

በበጋ ደግሞ ቅጠሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ተሸፍኖ ከበስተጀርባው ስስ ድር ከታየ፣ ተባዩ በዓይን ለማየት የሚያዳግት ቀይ ሸረሪት ነው። የቅጠሉን ጀርባ በማለዳ በውሃ ማጠብ ያመናምነዋል። ለክሽክሽ ግን 50 ግራም የተወቀጠ የኒም ፍሬ አስኳል በ1 ሊትር ውሃ አሳድሮ፣ አጥልሎ፣ አመሻሽ ላይ መርጨት ይረዳል፤ የፀሐይ ብርሃን ኃይሉን ያዳክመዋልና።

ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ስፍራ ያለ አግባብ የፈሰሰ ጣሳ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ከቤት ያጎድላል፣ አበባውንም ይገድላል።