ቻትቦትን ፈታኝ አድርጎ ማጥናት

ቻትቦት በጽሑፍ ወይም በድምፅ ለሚቀርብለት ጥያቄ ወዲያው መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቻትጂፒቲን በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከለቀቀ ወዲህ የጉግል ጀሚኒና ሌሎች መሰሎቹ ተከትለው መጥተዋል። ተማሪዎችም የከበዳቸውን ምዕራፍ ያሳጥሩባቸዋል፣ የሒሳብ የቤት ሥራ ያሠሩባቸዋል፣ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ያስብራሩባቸዋል። ሁሉም ጥናት ይመስላል፤ ፈተና ላይ የሚገኘው ውጤት ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

የዚህ ምክንያቱ የሰው ልጅ የሚያስታውስበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ በሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን ሙከራ አሳተሙ። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አጭር ምንባብ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ 83 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት ደግሞ 71 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ላይ ነበሩ። የሚያሳዝነው፣ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች የተሻለ እንደሚያስታውሱ እርግጠኞች ነበሩ። ቻትቦት አሳጥሮ ያቀረበውን ማንበብም ያው ማንበብ ነው፤ ገባኝ ያሰኛል እንጂ አያስይዝም።

ራስን መፈተን እንደሚያስይዝ ለቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረውም። በዚያ ተማሪው ትምህርቱን ያወቀው የሚባለው ከመምህሩ ወይም ከበላዩ ካለ ተማሪ ፊት ቀርቦ በቃሉ ሲያሰማ፣ ሲስትም እዚያው ሲታረም ነው።

ቻትቦትን በቀጥታ የሚመለከተው ማስረጃ የመጣው ከቱርክ ነው። በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት 1,000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ ሲለማመዱ ታዩ። የተለመደውን ዓይነት ቻትቦት ያገኙት በልምምዱ ወቅት ምንም ካላገኙት 48 በመቶ በልጠው ሠሩ። ቻትቦቱ ተወስዶ ለብቻቸው ሲፈተኑ ግን ጭራሽ ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ አነሱ። ሦስተኛው ቡድን የተሰጠው ቻትቦት መልሱን እንዳይናገር፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ታዝዞ ነበር፤ በእነዚህ ተማሪዎች ላይ ጉዳቱ ከሞላ ጎደል አልታየም። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የተሰጠው ትእዛዝ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ተማሪ ሩቅ ወሬ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ስልክ ይዞ መግባት ተከልክሏል። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በስልክ እየተደገፈ የተዘጋጀ ተማሪ ድጋፉ የሚነሣበት ዋናው ቀን ላይ ነው።

ስለዚህ ቻትቦቱ ጠያቂ፣ ተማሪው መላሽ መሆን አለበት። ፕሮግራሙ በኢትዮጵያ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ ስለማይመልስ፣ መጀመሪያ የሚጠናውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ማስገባት ይገባል። ቀጥሎ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይሰጠዋል፦ «የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከዚህ ገጽ ብቻ አንድ በአንድ ጠይቀኝ። ሳልመልስ መልሱን አትንገረኝ። ከተሳሳትኩ ፍንጭ ስጠኝና ደግሜ ልሞክር።» የተሳሳቱት ጥያቄዎች በደብተር ይመዘገባሉ፤ ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላም እንደገና ይጠየቃሉ። ሌላው ብርቱ ዘዴ ተማሪው ትምህርቱን በራሱ ቃል አስረድቶ «የዘለልኩት ወይም ያዛባሁት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ቀርቦ የከበደው ብቻ በአማርኛ ቢብራራ ይሻላል።

ቻትቦት ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም አያመነታም። በመሠረቱ የሚሠራው ከብዙ ጽሑፍ በቀሰመው ልምድ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው፤ ለትክክለኛውም ለሐሰቱም መልስ አነጋገሩ አንድ ነው። በአማርኛ ሲሆን ስሕተቱ ይበረታል፤ የሠለጠነበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነውና። በታሪክ ትምህርት የዘመን አቆጣጠር በተለይ አደገኛ ነው። የዓድዋ ድል በእኛ አቆጣጠር በ1888፣ በአውሮፓውያኑ በ1896 ነው፤ በምርጫዎቹ መካከል ሁለቱም ቁጥሮች ከተቀመጡ፣ ቻትቦቱ ያደባለቀውን ዓመት የሸመደደ ተማሪ ነጥብ ያጣል። በሒሳብና በፊዚክስም ስሌቱ በወረቀት ወይም በካልኩሌተር መረጋገጥ አለበት። ከዚህ በላይ ደግሞ ይሉኝታ የመሰለ ጠባይ አለው፦ «ተሳስተሃል» ሲባል ትክክለኛውን መልስ ሳይቀር ይቅርታ ጠይቆ ሊለውጥ ይችላል። በአከራካሪ ጉዳይ ዳኛው መማሪያ መጽሐፉና መምህሩ ናቸው።

መምህራንና ወላጆችም ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ ተማሪው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ቢያዩ ይበጃል። ለተማሪው ደግሞ መለኪያው ቀላል ነው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ስልኩን አጥፍቶ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በሰዓት ይሥራ። ያኔ ያልመለሰውን ገና አላጠናውም።