በመተማና በገላባት መሥሪያ ቤቶች ስለ ሰዓት፣ ስለ ሰላምታና ስለ ወረቀት

ከጐንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ቈላው የሚወርደው መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ አንዲት አጭር ድልድይ አለች፤ በማዶዋም ያለችው ከተማ ገላባት ናት። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ደግሞ ወደ አንድ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ይቈጠራል። ድልድዪቱን እግረኛ ሰው በጥቂት ደቂቃ ይሻገራታል። ነገር ግን በእጁ ወረቀት የያዘ ነጋዴ በዚህችው ድልድይ ላይ ቀን ሙሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንት ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። የዚህ መጕላላት ምክንያት ሁልጊዜ የሹማምንቱ ክፋት ወይም የቀረጡ ብዛት እንደ ሆነ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ከክፋት ይልቅ አለመተዋወቅ የበዛበት ይመስለናል፤ ስለዚህም ጉዳዩን ለሚመለከታቸው ለአስተዳዳሪዎችና ለነጋዴዎች እንደሚከተለው እናመለክታለን።

አስቀድመን ስለ ሰዓት እንናገር። የመተማ ሰው ከጧቱ 3 ሰዓት የሚለውን የገላባት ሰው 8 ሰዓት ይለዋል። ልዩነቱ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የታወቀው የኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ ይኸውም ፀሐይ ስትወጣ ቀኑን መጀመር ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ውሳኔ ነው። ሱዳን በጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ሰዓቷን ከኢትዮጵያ ጋር አስተካክላ ነበር፤ ነገር ግን በጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ወደ ቀድሞው በመመለሷ አሁን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። እንግዲህ የሰሊጥ ነጋዴው በስልክ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ቢልና ቃሉ እንዳለ ወደ ዐረብኛ ቢተረጐም፣ የገላባቱ ደንበኛ የሚመጣው በእርሱ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ በሦስት ነው፤ ይህም በመተማ ሰዓት ዐሥር ሰዓት ይሆናል። አንዱ ሰባት ሰዓት ሙሉ በረንዳ ላይ ሲጠብቅ ውሎ «ሱዳኖች ቃል የላቸውም» ይላል፤ ሌላው ግን ደቂቃ ሳያዛንፍ የደረሰ ነው። እንዲህ ያለው ቀጠሮ ሲሰጥ ያገሩን ሰዓት ጨምሮ መናገር፣ ይልቁንም በወረቀት ላይ ሁለቱንም መጻፍ ምንም ወጪ የለበትም።

በሥራ ቀኖችም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል፤ በሱዳን ዓርብና ቅዳሜ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች በአንድነት ሥራ ላይ የሚገኙት ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ቀን ብቻ ነው። ከነዚህም ቀኖች ውስጥ ሰዓቱ ተቈራርጧል። የመተማው ጸሐፊ በ2 ሰዓት ተኩል ገብቶ በ6 ሰዓት ተኩል ለምሳ ይወጣል። የገላባቱ ጸሐፊ ደግሞ በጧት በሻይ ብቻ ሥራ ጀምሮ፣ በመተማ ሰዓት ወደ አራትና አምስት ሲሆን ፉጡር ለሚባለው ቁርስ ይነሣል። ይህን የማያውቅ የእኛ ነጋዴ በዚያ ሰዓት ወንበሩን ባዶ አግኝቶ ይቈጣል። ዳሩ ግን ፉጡር የሱዳን ሠራተኛ ዋና ምግብ ነው፤ ሹሙና ዘበኛው በአንድ ትሪ ዙሪያ ቆመው ወይም ተቀምጠው ፉል በእንጀራቸው እየጠቀሱ ይበላሉ። በዚያ ሰዓት የገባውን ሰውም «ተፈደል» ይሉታል። የተጠራ ሰው ጥቂት መቅመስ ይገባዋል፤ ፊቱን አዙሮ የወጣ ሰው ግን ጉዳዩን በገዛ እጁ ያከብደዋል። ከምሳችን ስንመለስም የማዶው ሥራ ወደ ማብቂያው የተቃረበ ነው። ከዚህ የተነሣ ጉዳይ ያለው ሰው ከሰኞ እስከ ሐሙስ በማለዳ ቢሻገር ይሻለዋል።

ስለ ሰላምታ የምንለው አለን። ገላባት ቢሮ ገብቶ ሰላምታ ሳያስቀድም ወረቀት መዘርጋት ነውር ነው። የሱዳን ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ መንገዱ ይጠየቃል፤ መልሱም እንዲሁ ይመለሳል። ይህስ በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው። የሚያጣላው የአስተርጓሚው ሥራ ነው። በዐረብኛ በዘወትር ንግግር «አንተ» እና «እርስዎ» ተለይተው አይነገሩም። ሱዳናዊው ሹም ሽማግሌውን ነጋዴ «ኢንተ» ሲላቸው ንቀት የለበትም፤ አክብሮቱን የሚያሳየው «ያ ሐጅ» ወይም «ኡስታዝ» በሚል መጠሪያ ነው። ሰነፍ አስተርጓሚ ግን መጠሪያውን ጥሎ «አንተ ሽማግሌ፣ የት ነበርህ?» ብሎ ያስተላልፋል። ሽማግሌው ይቈጣሉ፤ ሹሙ ለምን እንደ ተቈጡ አይገባውም፤ ጉዳዩም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። አስተርጓሚ ቃልን ብቻ ሳይሆን ማዕርግንም ማሻገር አለበት። ቋንቋ በገበያ ላይ የተማረ ልጅ ሁሉ አስተርጓሚ ነው ብሎ በመንግሥት ጠረጴዛ አጠገብ ማቆም፣ በእኛ አስተያየት፣ የሂሳብ መዝገብ ለማያነብ ሰው እንደ መስጠት ነው።

«እሺ» የምትለው ቃልም ብዙ ጠብ አስነሥታለች። የእኛ ሰው «እሺ» ሲል አንዳንድ ጊዜ «ሰማሁ» ማለቱ ነው፤ ሱዳናዊው ግን «ተስማማሁ» ብሎ ይይዘዋል። እርሱ ደግሞ «ኢንሻ አላህ» ሲል በቅን ልብ የተናገረውን እኛ እንደ ማምለጫ እንሰማዋለን።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የቀን ስሕተት ነው። ለምሳሌ ያህል የከብት ነጋዴ የእንስሳት ጤና ማረጋገጫ በመስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አውጥቶ ነበር እንበል። ጸሐፊው በአኃዝ ብቻ 12/1/2017 ብሎ ጽፎለታል። የገላባቱ መርማሪ ይህን በፈረንጆች አቈጣጠር ጃንዋሪ 12 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ወረቀቱም ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈበት ይሆናል። ነጋዴው ተመልሶ እስኪያሳርም ድረስ ከብቱ በፀሐይ ይቆማል፤ ውኃና ሣር ይገዛለታል፤ ይከሳል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ይህ ሁሉ ኪሳራ ጸሐፊው የወሩን ስም በፊደል ባለመጻፉና «ዓ.ም.» የምትለዋን ባለመጨመሩ የመጣ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ወረቀት ሁሉ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር፣ ወሩንም በፊደል ቢይዝ መልካም ነው።

እዚህ ላይ የቈየ ነገር እናስታውስ። ኢትዮጵያ በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. መኪና በቀኝ እንዲነዳ ስታደርግ ሱዳን በግራ መንዳቷን ቀጠለች፤ እርሷም ወደ ቀኝ የዞረችው በሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ከመተማ ወደ ገላባት የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ወገኑን መለወጥ ነበረበት፤ የማዶ ደንብ ሌላ መሆኑን መንገዱ ራሱ ያስታውሰው ነበር። ዛሬ መንገዱ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ልዩነቱ ሁሉ የጠፋ ይመስላል።

በሕዝብ ፊት ስለሚታይ ጠባይም እንዲሁ ነው። በሱዳን ከ1976 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ለእስላም ያልሆኑ ሰዎች ብቻ ተፈቀደ። ስለዚህ በዕረፍት ቀናቸው ወደ መተማ መጠጥ ቤቶች የሚሻገሩ እንግዶች አይጠፉም። ያልለመደ ሰው ሲጠጣ ይታወክ ይሆናል፤ ዘበኛው በትዕግሥት ቢይዘው እንጂ ኪሱን ቢያይ አይገባም። ወደ ማዶ የሄዱት ሴቶች ልጆቻችንም በገዳሪፍ መንገዶች ዳር ሻይና ቡና ሲያፈሉ ይገኛሉ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ የሕዝብ ጠባይ መቈጣጠሪያ የሚባለው ሕግ እንደነዚህ ያሉትን ሴቶች በአለባበሳቸውና በመቀመጫቸው ያስከስሳቸው ነበር። በዚያ ችሎት ፊት የቆመች፣ ቋንቋውን የማታውቅ ሴት ያላት ተስፋ አስተርጓሚው ብቻ ነበር።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ከካርቱም የሸሹ ሰዎች፣ መምህራንና ሐኪሞች ጭምር፣ ልጆቻቸውን ይዘው በገላባት በኩል ወደ መተማ መጡ። አሁን ወረቀት ይዞ የሚቆመው ሱዳናዊው፣ ማኅተሙን የያዘው የእኛ ጸሐፊ ሆነ። በዚህም ጊዜ አንድ ትንሽ ነገር ብዙ ሰው አስቸገረ። ሱዳናዊ ስሙን ከአባቱ፣ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ ጋር በአራት ይጽፋል፤ እኛ በሁለት ወይም በሦስት እንወሰናለን። ጸሐፊው ሁለቱን ብቻ ከመዘገበ፣ መሐመድ አሕመድ የተባሉ ብዙ ሰዎች በአንድ መዝገብ ይገኛሉ። ስሙ በላቲን ፊደል የተጻፈውም በየፓስፖርቱ ልዩ ልዩ ነው፤ የአንድ እናት ልጆች እንኳ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ በዚህም የተነሣ ልጅን ከአባቱ ጋር በመዝገብ ማገናኘት ያስቸግራል። ስለዚህ መዝጋቢው አራቱንም ስም ይጻፍ፤ የሚገለብጠውም ከላቲኑ ሳይሆን ከዐረብኛው ይሁን፤ ዐረብኛ ካላነበበም ከማኅተሙ በፊት የሚያነብ ሰው ያስጠራ።