መሃሉ የረገበ መደርደሪያ፦ መንስኤውና ጥገናው

ከቤት ዕቃዎች መካከል መደርደሪያን ያህል ሸክሙ የማይነሳለት ጥቂት ነው። ወንበርም ሆነ አልጋ በየዕለቱ የሚያርፍበት ሰዓት አለው፤ መጽሐፍ የተደረደረበት ወይም የወጥ ቤት ዕቃ የተጫነበት ሳንቃ ግን ሌሊትና ቀን ተሸክሞ ስለሚኖር፣ ውሎ አድሮ መሃሉ ወደ ታች ይረግባል። ይህን ያየ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ሳንቃው ደካማ ነው ብሎ ይደመድምና ወፍራም ሊገዛ ይነሳል፤ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሳንቃው ይልቅ የድጋፎቹ አቀማመጥ በመሆኑ፣ በጥቂት ወጪ ሊቃና ይችል የነበረ መደርደሪያ ያለ አግባብ ይጣላል።

የመርገብን መጠን በዋናነት የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ሸክሙ፣ በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ የሳንቃው ውፍረት እና ሳንቃው የተሠራበት ቁስ ግትርነት፣ ማለትም ለመታጠፍ የማይበገርበት መጠን ናቸው። የእነዚህ የአራቱ ጉልበት እኩል አይደለም። ሸክሙ እጥፍ ሲሆን መርገቡም እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መርገቡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ዳር እስከ ዳር እኩል በተሞላ ሳንቃ ላይ የድጋፎቹ ርቀት እጥፍ ሲሆን ግን መርገቡ 16 እጥፍ ያድጋል። በዚህ መሠረት በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የረገበ ሳንቃ፣ ውፍረቱና የዕቃው አደራደር ሳይለወጥ ወደ 120 ሴንቲ ሜትር ቢዘረጋ 16 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አንድ ሜትር የሚሞላ የመጽሐፍ ረድፍ እንደ መጽሐፎቹ መጠን ከ20 እስከ 35 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ውኃ ከተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የማያንስ ክብደት እንዳለው ሲታሰብ፣ ለረጅም ሳንቃ ሁለት የዳር ድጋፍ ብቻ መስጠት ምን ያህል እንደሚጎዳው ይታያል።

የቁሱ ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተለውሶና ተጨምቆ የሚሠራ በመሆኑ እንደ ጣውላ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ጭረት የለውም፤ ግትርነቱም ከጥሩ ጣውላ ግትርነት ሩብ ገደማ ነው። ኤምዲኤፍም ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ኮምፔርሳቶ ግን ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ጭረታቸው እየተመሳቀለ የሚጣበቁበት ስለሆነ ከሁለቱም ይሻላል። ከዚህ የሚብሰው ዝግመታዊ መርገብ ነው። እንጨት ነክ ቁስ ሁሉ በማያቋርጥ ሸክም ሥር በመጀመሪያው ቀን ከጎበጠው በላይ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ ሸክሙ ሲነሳለትም ይህ ተጨማሪ ጉብጠት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በቺፑድ ላይ ይህ ጠባይ እጅግ የጎላ ሲሆን፣ የወጥ ቤት እንፋሎትና የክረምት እርጥበት ያባብሱታል። አዲስ መደርደሪያ በተሠራበት ቀን ቀጥ ብሎ መታየቱ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጥገናው የሚጀምረው ዕቃውን በሙሉ አውርዶ በሳንቃው የፊት ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ በመወጠርና መሃሉ ላይ ያለውን ክፍተት በመለካት ነው። በአንድ ሜትር ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ መርገብ ለዓይን መታየት የሚጀምርበት ልክ ነው። ሳንቃው ከሥሩ የተሰነጠቀ ወይም ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ከሆነ በእርሱ ላይ መድከም አያስፈልግም፤ ያበጠ ቺፑድ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ጤነኛ ከሆነ ግን ተገልብጦ ሊቀመጥ ይችላል፤ የጎበጠው ወገን ወደ ላይ ስለሚዞር ሸክሙ ራሱ ወደ ቀጥታ ይመልሰዋል። ሆኖም መገልበጥ ብቻውን ጊዜ ይገዛል እንጂ መንስኤውን አያስወግድም፤ ዞሮ ዞሮ ሳንቃው በሌላው ወገኑ ይረግባል።

ዋናው ማጠናከሪያ በፊት ጠርዙ ሥር የሚቆም ጠባብ ጣውላ ነው። ጋሊሌዮ ጋሊሊ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚያትተው መጽሐፉ፣ ስፋቱ ከውፍረቱ የሚበልጥ ዘንግ በጠርዙ ሲቆም በሰፊ ገጹ ከሚተኛበት ጊዜ ይልቅ ለስብራት እንደማይበገር አስረድቷል፤ ለመታጠፍም ነገሩ እንዲሁ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በጠርዙ ሲቆም፣ ያው ጣውላ በሰፊ ገጹ ከተኛበት ስድስት እጥፍ ያህል ግትር ይሆናል። ይህን ጣውላ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር በሆነ የቺፑድ ሳንቃ ፊት ሥር ማቆም፣ የሁለቱን ድምር ግትርነት ሳንቃው ለብቻው ከነበረው ወደ ስምንት እጥፍ ያደርሰዋል። የሳንቃውን ውፍረት እጥፍ በማድረግ የሚገኘው ጥቅም በአንዲት ቁራጭ ጣውላ ይገኛል ማለት ነው፤ ርካሽነቱ ታስቦ ከዚህ የሚበልጥ መፍትሔ ማግኘት ይከብዳል። በሚገጠምበት ጊዜ ሳንቃው አስቀድሞ ከሥሩ ተደግፎ ቀጥ ይደረጋል፤ የጣውላው ጠርዝ ኮላ ተቀብቶ ይጣበቃል፤ ብሎኖቹም ከላይ በሳንቃው አልፈው ወደ ጣውላው ይገባሉ፤ ምክንያቱም ቺፑድ ብሎን አጥብቆ የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ጣውላው እንዳይሰነጠቅ ቀድሞ በትራፓኖ ቀጭን ቀዳዳ ማበጀት፣ ኮላው እስኪደርቅም እስከ ማግስቱ ምንም አለመጫን ይገባል። የሳንቃው የኋላ ጠርዝ ደግሞ ግድግዳ ላይ በውኃ ልክ ተስተካክሎ በታሰረ ሌላ ጣውላ ላይ ቢያርፍ፣ ፊተኛው ጣውላ የሚሸከመው የሸክሙን ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል።

ሳንቃው ግድግዳ ላይ በታሰሩ ሁለት የብረት ድጋፎች የተቀመጠ ከሆነ ከሁሉ የሚቀለው ጥገና ድጋፎቹን ማዛወር ነው። ብዙዎች ለዓይን ስለሚያምር ድጋፎቹን በሁለቱ ጫፎች ላይ ያደርጓቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ድጋፍ ከጫፉ የሳንቃውን ርዝመት 22 በመቶ ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ለምሳሌ ለአንድ ሜትር ሳንቃ 22 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከድጋፎቹ ውጭ የተንጠለጠለው ክፍል ሸክም መሃሉን ወደ ላይ ስለሚያነሳው፣ እኩል በተደረደረ ሸክም ሥር መርገቡ 40 እጥፍ ያህል ይቀንሳል። አንድም ሳንቲም የማይጠይቅ፣ የሚያስፈልገውም አዲስ ቀዳዳ መቅደድ ብቻ የሆነ ለውጥ ይህን ያህል ውጤት ማስገኘቱ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሳንቃው ግን ከባድ ዕቃ በአንድ ጫፍ ሲከመርበት እንዳይገለበጥ ከሥሩ በብሎን ከድጋፎቹ ጋር መታሰር አለበት።

በቁም ሳጥን ወይም ጎን ባለው መደርደሪያ መሃል ላይ ቋሚ መትከልም ርቀቱን ለሁለት ስለሚከፍለው እጅግ ይጠቅማል፤ ዳሩ ግን ቋሚው ከላይኛው ሳንቃ ጀምሮ በየደረጃው አንዱ ከሌላው ትክክል ሥር እየሆነ እስከ ወለል መውረድ ይኖርበታል። መሃል ላይ ቢቀር የላይኛውን ሸክም ለታችኛው ሳንቃ ያስረክበዋል።

ወደ ግድግዳ የሚታሰር ሁሉ የግድግዳውን ዓይነት ማወቅ ይጠይቃል። በኮንክሪት ዓምድ ላይ ፊሸርና ብሎን አጥብቀው ይይዛሉ። ብሎኬት ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር በባዶው ቦታ ሊዞር ይችላል፤ ከቀዳዳው ወዲያ ሲደርስ የሚከፈተውን ዓይነት መጠቀም ይሻላል። አግሮስቶንና ጂፕሰም የመሳሰሉ ስስ መከፋፈያዎች መጽሐፍ ለሚሸከም መደርደሪያ አይታመኑም። በጭቃ ቤት ውስጥ ብሎኑ ከምርጊቱ አልፎ ከቋሚው እንጨት መግባት አለበት፤ ቋሚው ያለበትን ቦታ ግድግዳውን በጣት በማንኳኳት፣ ከዚያም በቀጭን ሚስማር በመፈተሽ ማግኘት ይቻላል። ቋሚዎቹ በሚፈለገው ቦታ ካልተገኙ መደርደሪያው ክብደቱን በራሱ እግር ወደ መሬት እንዲያወርድ ተደርጎ ይሠራል፤ ግድግዳው የሚፈለገው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ከላይ በአንድ ቦታ ለመያዝ ብቻ ይሆናል፤ ይህም በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት ፈጽሞ ሊታለፍ አይገባም።