ጭንቅላት ይዘግይ

ካያክ የሚባለው ጀልባ ሲገለበጥ ከውስጡ ሳይወጡ መልሶ መቃናትን ገንዳ ውስጥ መልመድ ያን ያህል አይከብድም። ያው ሰልጣኝ ወንዝ ላይ ሲገለበጥ ግን የተማረው ሁሉ ይጠፋዋል። «ክንዴ ከዳኝ» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ክንድ አልከዳም፤ የቸኮለው ጭንቅላት ነው።

የታፈነ ሰው አየር ፍለጋ አስቀድሞ ጭንቅላቱን ያወጣል። ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ሳለ ውሃው ይሸከመዋል፤ ከውሃ ሲወጣ ግን ሙሉ ክብደቱ በጀልባው ላይ ይወድቅና እንደገና ይገለብጠዋል። ጀልባውን የሚያቃናው ዳሌ ነው፤ መቅዘፊያው ለአፍታ ድጋፍ ከመስጠት አያልፍም። ዳሌ ይዞራል፣ ጀልባው ይከተላል፣ ጭንቅላት መጨረሻ ላይ ይወጣል። በካያክ የሚያድኑ የግሪንላንድ አዳኞች ይህን የግድ ያውቁት ነበር፤ በዚያ በረዶ ባሕር ከጀልባ መውጣት ማለት መሞት ነውና።

ወንዝ ደግሞ የራሱን ነገር ይጨምራል። ውሃው ከድንጋይ ላይ ወርዶ ወደ ኋላ በሚታጠፍበት ቦታ አረፋው በአየር የተሞላ ስለሆነ መቅዘፊያ የሚይዘው ነገር አያገኝም። እዚያ የሚታገል ጉልበቱንም ትንፋሹንም ይጨርሳል። ስለዚህ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ሰውነትን ከጀልባው ጋር አጣብቆ፣ ጠንካራው ውሃ እስኪመጣ መቆየት ነው። ማጎንበሱ ፊትን ከድንጋይም ያድናል። ጀልባው አረፋው ውስጥ ወደ ጎን ተይዞ ከቀረ ደግሞ ከስር የሚያልፈው ውሃ ሰውነትን ወደ ታችኛው በኩል ይስባል፤ መነሳትም በዚያው በኩል ነው። ምን ጊዜም በቀኝ በኩል ብቻ መነሳት የለመደ ሰው ወንዙ በግራ ሲያዘው ይቸገራል። ሁለቱንም ጎን ያልቻለን «ተምሯል» አልልም።

እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ የጀማና የወንጭት ወንዞች በከበቡት አገር ነው ያደግኩት። እዚያ ሙላት የሚሻገር ዋናተኛ ፊት ለፊት አይሄድም። ከላይ ይገባል፣ ውሃው በሰያፍ ይወስደዋል፣ ከታች ይወጣል። ካያክ አይተው የማያውቁ ሰዎች ዋናውን ነገር፣ ከውሃው ጋር አለመታገልን፣ ያውቁታል፤ አሠልጣኝ ሆኜም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ይህን ስል ግን የአገሬ ወጣቶች በሐምሌና በነሐሴ ጀማ ላይ ይሞክሩት ማለቴ አይደለም። ከመንዝና ከግሼ ደጋ የሚወርደው ደራሽ ውሃ አፈርና ግንድ ይዞ ይመጣል፤ ከስር የሆነ ሰው የገዛ እጁን አያይም። በዚያ ላይ ገደሉ መውጫ አይሰጥም። ወንዝ ተጓዦቹ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን፣ ብራውን በካያክ ሆኖ፣ ዓባይን ከጣና እስከ ሜዲትራንያን በ114 ቀናት ሲወርዱ ጀማ ከዓባይ የሚገናኝበትንም አልፈዋል። ጉዞውን የጀመሩት ግን በክረምት ሙላት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ነበር። እንዲያ ያለ ልምድ ያለው ሰው ወቅት ከመረጠ ጀማሪውማ እንዴት አይመርጥ?

መማር የምትፈልጉ፣ ዝናቡ አልፎ ውሃው እስኪጠራ ጠብቁ። ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ሳታደርጉ፣ ገመድ የሚወረውርላችሁ ሰው ዳር ላይ ሳይቆም አትግቡ።