ስለ ሳንባ የደም ግፊትና ስለ መድኀኒቱ ጥንቃቄ

የደም ግፊት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በክንድ ላይ የሚለካውን ነው። ነገር ግን ከልብ ቀኝ ክፍል ተነሥቶ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደምም የራሱ ግፊት አለው። ይህ ግፊት ከልክ ሲያልፍ የልብ ቀኝ ክፍል ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ይደክማል፤ ሰውየው ትንሽ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እግሩም ያብጣል። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ስንሆን ይህን ርእስ ማንሣታችን፥ ለማናቸውም አሳቢ ሰው የሚሆን ትምህርት ስላገኘንበት ነው።

የበሽታው መነሻ ብዙ ነው። አንዱ ዓይነት ከራሳቸው ከሳንባ የደም ሥሮች ሕመም ይነሣል፤ ለዚህ የደም ሥርን የሚያሰፉ መድኀኒቶች ብዙ ረድተዋል። ሌላው ዓይነት ግን የቆየ የሳንባ በሽታን ተከትሎ ይመጣል፤ ይኸውም ሳንባ በጠባሳ ሲደድር ወይም በሲጋራና በምድጃ ጢስ የአየር ቧንቧው ለዘለቄታ ሲጠብ ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያው የረዳ መድኀኒት ለሁለተኛው ለምን አይረዳም?

መልሱ በሳንባ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት በድመቶች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ኦክሲጅን ሲያንስ የሳንባ የደም ሥሮች እንደሚጠብቡ አሳዩ። ሳንባ በዚህ ዘዴ አየር ለማይደርስበት ክፍል ደም ይቀንሳል፤ ደሙንም ወደ ደኅናው ክፍል ይመልሳል። በክኒን የተወሰደው መድኀኒት ግን ደኅናውንና የተጎዳውን ሳይለይ ሁሉንም ይከፍታል። ያን ጊዜ ደሙ በተጎዳው ክፍል ኦክሲጅን ሳይቀበል ያልፋል። ግፊቱ ቀነሰ ሲባል ሕመምተኛው ይባስ ሊታፈን ይችላል።

የደረሰውም አደጋ አለ። ሪዮሲጓት የተባለው መድኀኒት የሳንባ ጠባሳና የሳንባ የደም ግፊት ባለባቸው 147 ሕመምተኞች ላይ ሲፈተን፥ ምርመራው በ2016 ከጊዜው በፊት ቆመ። በዋናው የምርመራ ጊዜ መድኀኒቱን ከወሰዱት 73 ሰዎች 8፥ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 74 ደግሞ 3 ሞተው ነበር።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። መድኀኒቱ በትንፋሽ ቢሳብ ይበልጡን አየር ወደሚገባበት ክፍል ይደርሳል ተብሎ፥ ትሬፕሮስቲኒል በ326 ሕመምተኞች ላይ ተፈተነ። ከ16 ሳምንት በኋላ መድኀኒቱን የሳቡት በ6 ደቂቃ በሚሄዱት መንገድ 31 ሜትር ያህል ብልጫ አገኙ፤ በ2021ም በአሜሪካ ለዚህ ዓይነት ሕመም ተፈቀደ። ሆኖም ይኸው መድኀኒት የአየር ቧንቧ ለጠበበባቸው ሰዎች ሲሞከር ጉዳቱ ስላየለ ምርመራው እንዲቆም ተደርጓል።

ስለዚህ ሕመምተኛ ዘመድ ያለን ሁሉ ሐኪሙን «ግፊቱ ቀነሰ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «መድኀኒቱ በዚህ ዓይነት በሽታ ላይ ተፈትኗል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የጎረቤትን ክኒን መዋስም ሆነ የታዘዘውን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ጢስን መራቅ፥ የሳንባውን በሽታ መታከም፥ ኦክሲጅን ላነሰው ኦክሲጅን መስጠት ይቀድማል።

እኛ በክርክር መድረክ አሳባችን ከተያያዘልን እውነት ያገኘን ይመስለናል። የእነዚህ መድኀኒቶች አሳብም የተያያዘ ነበር፤ ስሕተቱን የገለጠው ግን ፈተና ነው። ዋጋውንም የከፈሉት ፈቅደው ወደ ምርመራው የገቡት ሕመምተኞች ናቸውና፥ ያስተማሩንን መዘንጋት አይገባንም።