የቆዳ ሕመምና የኤሌክትሮኒክ መዝገብ፤ በሽተኛውና ሐኪሙ ምን ይላሉ?

ባለፈው ሰሞን ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጥተን ነበር። ይህ ሥፍራ ዩኒቨርሲቲያችንና የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፥ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ማዕከል ደንብ አንድ ተክል ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንዳመጣው፥ በየትኛው ዓመት እንደ ተተከለ ይጻፍለታል። ተክሉ ቢደርቅ እንኳ መዝገቡ አይጣልም።

ከመካከላችን አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ ችፌ የሚያሠቃየው ነው። ይህን ሲሰማ በአጠገቡ ወዳለው ጽድ እያመለከተ፥ «እሱስ ካርድ አለው» አለን። ሳቅን። ነገሩን ዘርዝሮ ሲያጫውተን ግን ሳቃችን ቀረ። በአንድ ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ካርድ አውጥቷል፤ የቀድሞው ካርድ በተፈለገ ቁጥር አልተገኘም። በሄደ ቁጥር አዲስ ሐኪም ይገጥመዋል፤ ታሪኩን ከሀ ብሎ ይጀምራል፤ ምንም ያልጠቀመው ቅባት ሁለት ጊዜ ተመልሶ ታዞለታል። «ታዲያ በኮምፒዩተር ቢመዘገብልህ አትወድም?» ብለን ጠየቅነው። ወዲያው አልመለሰልንም። ጥቂት ቆይቶ፥ «ማን ያየዋል?» አለ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለ እነዚህ ሁለት ንግግሮች ነው። ካርዱ በመጥፋቱ የሚያዝን ሰው፥ ካርዱ እንዳይጠፋ ሆኖ ሲቀመጥ ለምን ይፈራል?

፩ኛ/ የቆየ የቆዳ ሕመም መዝገብ ለምን ይፈልጋል?

ጉንፋን የያዘው ሰው ካርዱ ቢጠፋ ብዙ ጉዳት አይደርስበትም፤ ጉንፋኑ ከካርዱ ቀድሞ ይጠፋልና። ችፌ፥ ለምጽ፥ ቁንጭር፥ የእግር ዝሆኔ፥ የሥጋ ደዌ ግን የዓመታት ነገሮች ናቸው። ሐኪሙ ዛሬ የሚያየው የዛሬውን ቆዳ ብቻ ነው። ተሻለው ወይስ ባሰበት ለማለት የትናንቱን ማወቅ አለበት።

ከሁሉም ግልጽ የሆነው ምሳሌ የሥጋ ደዌ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ተሐዋሲውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነበር። በስሙ የተጠራው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1965 ከተመሠረተው ከአለርት ሆስፒታል ጋር በከተማችን ይገኛል። በሽታው ዛሬ በጥምር መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይድናል። ነገር ግን ተሐዋሲው ከሞተ በኋላም ሰውነት በሚያስነሣው ቍጣ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ወይም ነርሷ የበሽተኛውን መዳፍና የውስጥ እግር በብዕር ጫፍ ወይም በናይሎን ክር እየነካኩ፥ የሚሰማውንና የማይሰማውን ሥፍራ በካርዱ ላይ ይመዘግባሉ።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ መዳፉ ደንዝዞ ቢገኝ ጥያቄው ይህ ነው፤ የደነዘዘው መቼ ነው? ጉዳቱ ከ6 ወር ያልበለጠ እንደ ሆነ ፕሬድኒሶሎን በተባለው መድኃኒት የመመለስ ተስፋ አለው፤ የቆየ ከሆነ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። ይህን የሚመልሰው የፊተኛው ምርመራ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ሐኪሙ ይገምታል። እንግዲህ የአንድ ካርድ መጥፋት የአንድ እጅ መጥፋት ሊሆን ይችላል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሁለተኛው ምክንያት የቆዳችን መልክ ነው። ብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት የቆዳን መቆጣት «ቀይ» እያሉ የሚገልጹት በነጭ ሰው ቆዳ ላይ ያዩትን ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ይኸው መቆጣት ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ለበሽተኛው ከሁሉ የሚሻለው ማነጻጸሪያ የራሱ የቀድሞ ፎቶግራፍ ነው። ይህንንም በደንብ የሚያስቀምጠው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው።

፪ኛ/ ሐኪሙ ምን ይላል?

በዛምቢያ የተጀመረው ስማርት ኬር የተባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ወደ አገራችን ገብቶ በብዙ ሆስፒታሎች ተሞክሯል። ከዚያም በኋላ ሌሎች ተከትለዋል። ሐኪሞች ጥቅሙን አይክዱም፤ ጽሑፉ ይነበባል፥ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠፋም፥ በሽተኛውም መድኃኒቱን በስሙ ባያስታውስ ከመዝገቡ ይገኛል።

ቅሬታቸውም ግን ከንቱ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ይህን በመፍራት ብዙ ቦታ በወረቀትም በኮምፒዩተርም ይጻፋል፤ ድካሙ በእጥፍ ይሆናል። ደጅ ላይ ብዙ ሰው ወረፋ ይዞ ሳለ ሐኪሙ ፊደል ሲለቅም ይውላል። የቆዳ ሐኪም ደግሞ መሣሪያው ዓይኑና ጣቱ ነው። ቆዳውን በብርሃን አገላብጦ ማየትና መዳሰስ ሲገባው፥ ዓይኑን መስተዋቱ ላይ ተክሎ «እሺ፥ ሌላስ?» የሚል ከሆነ መዝገቡ ሞልቶ ምርመራው ጎደለ ማለት ነው።

፫ኛ/ በሽተኛውስ?

ጽዱ ስሙና ታሪኩ ቢነበብ አያፍርም። ሰው ግን ያፍራል፤ እንዲያፍርም ተደርጓል። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው በአገራችን ከቤተ ዘመዱ ተለይቶ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲለምን የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። «በዘር ይተላለፋል» ተብሎ ልጆቹ ሳይቀሩ ለጋብቻ ይሸሹ ነበር። የእግር ዝሆኔም፥ በባዶ እግር ቀይ አፈር ረግጦ ከመሥራት የሚመጣ ሆኖ ሳለ፥ በብዙ ሥፍራ እንደ እርግማን ይቈጠራል። ለእንዲህ ያለው ሰው የበሽታው ስም ከበሽታው ይልቅ ይከብዳል።

ስለዚህ «ማን ያየዋል?» የሚለው ጥያቄ የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም። የወረቀት ካርድ ቢጠፋም አንድ መልካም ነገር አለው፤ አንድ ሰው ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚያየው። ኮምፒዩተር ላይ ያለውን ግን የመግቢያ ቃል ያለው ሁሉ ያየዋል፤ የሠፈር ጎረቤት የሆነ የሆስፒታል ሠራተኛም ሊኖር ይችላል። ፎቶግራፍ ሲጨመርበት ሥጋቱ ይብሳል፤ በተለይ ፊቱ የታየ እንደ ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ በሽተኛ ጸበል ይጠመቃል፤ ሬት ይቀባል፤ የቁልቋል ወተት ያስነካል። ወተቱ ቆዳን የሚያቆስል በመሆኑ ሐኪሙ ይህን ማወቅ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ቁጣ የፈራ ሰው ይደብቃል፤ በቅጹም ላይ የሚጠይቅ መስመር ከሌለ መዝገቡ ጎዶሎ ይሆናል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው። ግን የሸሸገውን ከመውቀስ በፊት ያሸሸገውን መመርመር ይገባል።

፬ኛ/ ታዲያ ምን ይደረግ?

ሌሎች አገሮች ያደረጉት ያስተምረናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከ100 በላይ ሐኪሞች የጻፉትን ማስታወሻ በሽተኞቻቸው እንዲያነቡት ለአንድ ዓመት ፈቀዱ። ሐኪሞቹ ሥራ ይበዛብናል፥ በሽተኛውም ይደነግጣል ብለው ፈርተው ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ልተው ያለ አንድም ሐኪም አልነበረም። በኤስቶንያ ደግሞ ማንኛውም ሰው መዝገቡን ማን እንደ ከፈተው ራሱ ገብቶ ማየት ይችላል። የጓደኛችን ጥያቄ እዚያ መልስ አለው ማለት ነው።

በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ይቈጥረዋል። ሕጉ ግን በካርድ ክፍሉ መስኮት ካልተሠራበት ወረቀት ነው። ስለዚህ የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ መዝገቡን የከፈተው ሁሉ ስሙና ሰዓቱ ይመዝገብ፤ በሽተኛውም ይህን የመጠየቅ መብቱ ይነገረው። ሁለተኛ፥ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ማስታወሻ ፍሬ ነገሩ በሽተኛው በሚያነበው ቋንቋ በአጭሩ ይሰጠው፤ የማያነበው መዝገብ የእሱ ነው አይባልምና። ሦስተኛ፥ ፎቶግራፍ ሲነሣ ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ቁስሉ እንጂ ፊቱ አይነሣ፤ በሠራተኛውም የግል ስልክ አይቀመጥ።

ነገ ከመካከላችን ሐኪም የሚሆኑ አሉ፤ የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም የሚጽፉም አሉ፤ ሕግ የሚያስፈጽሙም አሉ። በሽተኛ የሚሆን ደግሞ ከማናችንም አይጠፋም። ጓደኛችን ለአራተኛ ጊዜ ካርድ ሊያወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳል። ካርዱ እንዳይጠፋበት፥ ቢገኝም እንዳያሳፍረው እንመኛለን። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማድረጉ ግን ከሰው እንጂ ከመኪናው አይጠበቅም።