ሁለት ብርቱዎች በሕመም አልጋ

በሲያትል፣ ካፒቶል ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ፣ ሌክ ቪው የሚሉት መካነ መቃብር አለ፤ በዚያም ፎቶግራፍ ያለበት የብሩስ ሊ ቀይ ሐውልት፣ በጎኑ ከቆመው ከልጁ ከብራንደን ሐውልት ጋር፣ አበባና ሳንቲም የሚያኖርለት ጎብኚ አያጣም። በአዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ላደገ ሰው ስሙን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ዳሩ ግን ይህ ሰው በ1951 ዓ.ም. ከሆንግ ኮንግ መጥቶ በዚሁ በሲያትል የምግብ ቤት አስተናጋጅ እንደ ነበረ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ፍልስፍና እንደ ተማረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ስለ ኃይለ ሥጋው ፊልሞቹ ስለሚመሰክሩ በዚያ አልዘገይም። እኔን የሚያስደንቀኝ፣ በ1962 ዓ.ም. ክረምት ሰውነቱን ሳያሟሙቅ 125 ፓውንድ ብረት ሲያነሣ የወገቡ ነርቭ ተጎድቶ፣ ሐኪሞችም ከእንግዲህ እግርህን አንሥተህ መምታት አይሆንልህም ባሉት ጊዜ፣ ወራቱን በአልጋ ላይ ስለ ፍልሚያ ጥበብ ያሰበውን ሲጽፍ ማሳለፉ ነው። ማስታወሻው ከሞቱ በኋላ መጽሐፍ ሆነ፤ በዓለም ያስጠሩት ፊልሞችም ከዚያ አልጋ ከተነሣ ወዲህ የተሠሩ ናቸው፤ ሕመሙ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም።

የእኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኗል። ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ሌላው ሲዝለፈለፍ እርሱ ሣር ላይ ተንጋሎ እግሩን ያፍታታ የነበረ ሰው፣ በእንግሊዝ አገር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በረዶ ላይ በተንሸራታች ጋሪ ተወዳደረ። የሮማ ድሉን ሁሉ ያወድሳል፤ እኔ ግን ይህን አስበልጣለሁ። ሁለቱም በአንጎላቸው ሕመም ሞቱ፤ ብሩስ ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. በ32 ዓመቱ፣ አበበም ከሦስት ወር በኋላ በ41 ዓመቱ።

በመንፈስ በኩል መንገዳቸው ለየቅል ነው። ብሩስ ሊ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አልነበረም፤ ጽናቱን ከቻይና ጠቢባን ትምህርትና ከራሱ ምርምር ይቀዳ ነበር፤ አበበ ግን ድሉን የፈጣሪ ፈቃድ ብሎ እንደ ተቀበለ መከራውንም እንዲሁ ብሎ ተቀበለ። ማን ይበልጣል ብዬ ለመፍረድ ባልደፍርም፣ ወደ አበበ ማድላቴን አልሸሽግም፤ የእርሱ ዓይነቱ ኃይል ስማቸው ባልተጻፈ ሰዎች ዘንድ ዛሬም በሲያትል ይገኛልና። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ ሕሙማንን ስታገላብጥ ያደረች እናት፣ በዐቢይ ጾም፣ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ቅዳሴ ትቆማለች፤ እህል የምትቀምሰውም ከዚያ ወዲያ ነው። ወገብሽን እንዴት ነሽ ቢሏት፣ ተመስገን፣ ደኅና ነኝ ብላ፣ ማታ ስንት ሰዓት ተረኛ እንደ ሆነች ትናገራለች።